የዘገየው ድምፅ

ሆም ቲያትሬን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ባለቤቴ «ጣውንቴ» የምትለውን። ለፋሲካ እማዬ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ስትመጣ ትዘፍንበታለች ብዬ ካራኦኬ ጨመርኩበት። ማይክ በቀጥታ አይሰካበትም፤ ድምፁ ደካማ ስለሆነ መጀመሪያ ሚክሰር ውስጥ ማለፍ አለበት። ገዛሁ፣ አገናኘሁ፣ የትዝታ ክላሲካል ከፈትኩላት።

ሁለት ስንኝ ሳትጨርስ አቆመች። «አርጅቻለሁ መሰለኝ ልጄ፤ ከሙዚቃው ጋር መሄድ አቃተኝ» ብላ ማይኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠች። የሰፈራችን ሰርግ ያለ እሷ አይደምቅም ነበር እኮ!

ሌሊት ብቻዬን ሞከርኩት። «አንድ» ስል ድምፄ ዘግይቶ ከስፒከሩ ይመጣል። ለካ ሪሲቨሩ ድምፁን ለፊልም እንዲመች ሲያቀናብር ያዘገየዋል! «ዳይሬክት» ላይ ሳደርገው ተሻለው፤ ግን አልጠፋም። በመጨረሻ ማይኩን ከሚክሰሩ በቀጥታ ምድር ቤት ተጥሎ ወደነበረ አሮጌ ባለ አምፕሊፋየር ስፒከር አዞርኩት። ያ ሁሉ ዶላር የወጣበት ሙዚቃውን ብቻ ያጫውት። (ባለቤቴ ይህን ስትሰማ የሳቀችውን ሳቅ አልነግራችሁም።)

ጠዋት «እማ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው» አልኳት። ልታጽናናኝ ነው ብላ አላመነችም። «እስቲ አንተ ቅደም» አለችኝ። የድሮ ተማሪዎቼ ድምፄን ታውቁታላችሁ፤ ዘፈንኩ።

«አንተ እንኳ ከቻልክማ!» ብላ ማይኩን ነጠቀችኝ።