ልጓም ከጉልበት ይቀድማል

የሰው ጠባይ በደንብ የሚታወቀው ገንዘብ ሲበዛለት ሳይሆን ሲያንሰው ነው። ባለጸጋ ሰው የሚያስፈልገውንም የማያስፈልገውንም አብሮ ስለሚገዛ፥ ከሁለቱ የትኛውን አብልጦ እንደሚወድ ለመለየት ያስቸግራል። ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ግን አንዱን ሲይዝ ሌላውን መተው ግድ ስለሚሆንበት፥ አስቀድሞ የገዛው ነገር የልቡን አሳብ ይገልጥበታል። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ነገር በአንድ አሮጌ የጃፓን መኪና ምክንያት ላስረዳህ እወዳለሁ።

የእኅቴ ልጅ በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂኒያ፥ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ እኔም ከአስተማሪነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው በዚያው አቅራቢያ ነው። ልጁ ሌሊት በመኪና ማቆሚያ እየሠራ ቀን ይማራል። ከሁለት ዓመት ድካም በኋላ በ2002 የተሠራ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ የሚባል ባለ ቱርቦ መኪና ገዛ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መኪናው 118,000 ማይል የሄደ ነው። ልጁ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ 2,500 ዶላር ተረፈው። በዚህም ገንዘብ የመኪናውን ጉልበት ለመጨመር አስቦ፥ የሚገዛቸውን ዕቃዎች በወረቀት ጽፎ ይዞልኝ መጣ። እነርሱም ተለቅ ያለ ቱርቦ፥ ሰፊ የጢስ ማውጫ፥ አዲስ የአየር ማስገቢያ፥ እንዲሁም ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ አየር እያፏጨ የሚለቅ ቫልቭ ናቸው። ድምሩ 4,000 ዶላር ስለ ሆነ፥ የጎደለውን 1,500 እንዳበድረው ለመነኝ።

ምኞቱን አልናቅሁበትም፤ መኪናው የሚያስመኝ ነውና። ሱባሩ በጃፓንኛ የከዋክብት ስም ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሰባቱ ከዋክብት የተባሉት እነዚያው ናቸው። ኢምፕሬዛ በ1992 ለገበያ ከወጣ በኋላ፥ ሱባሩ በዓለም የራሊ ውድድር በ1995፥ በ1996 እና በ1997 በተከታታይ የፋብሪካዎችን ሻምፒዮንነት ወስዷል። ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬም በ1995 የነጂዎች ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ መኪና ነው።

የቱርቦም ሥራ ራሱ የሚደነቅ ጥበብ ነው። በተራ ሞተር ውስጥ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚወጣው ጢስ በከንቱ ይባክናል። በባለ ቱርቦ ሞተር ግን ጢሱ ሲወጣ አንድ ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ ይህም መዘውር በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ጓደኛውን ያዞራል፤ ጓደኛውም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አየር ሲበዛ የሚቃጠለው ቤንዚን ይበዛል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት ሊትር ብቻ የሆነው የዚህ መኪና ሞተር ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ 227 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ሊዞር ስለሚችል፥ ያለ ንጹሕ ዘይት አይኖርም።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። በዚያ ከንባብና ከሒሳብ ጎን ሞተር መፍታትና መግጠም እንማር ነበር፤ ኋላም ብዙ ዘመን ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ ልጁን ሁለት ነገር ጠየቅሁት። አንደኛው፥ «የሸጠልህ ሰው የታይሚንግ ቺንጋውን መቼ እንደ ለወጠ የሚያሳይ ደረሰኝ ሰጥቶሃል?» የሚል ነው። አልሰጠውም። ይህ ቺንጋ የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ በጊዜ የሚያስማማ ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው። ፋብሪካው በ105,000 ማይል እንዲለወጥ አዝዟል። በጉዞ ላይ የተበጠሰ እንደ ሆነ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ሞተሩም በዚያው ቅጽበት ይሰበራል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ጎማው ነበር። አንዲት የአሜሪካ ሳንቲም ወስጄ፥ የሊንከንን ራስ ወደ ታች አድርጌ በጎማው ጥርስ መካከል አስገባሁ። የራሱ ጠጉር በሙሉ ከታየ፥ የጎማው ጥርስ ወደ 1.6 ሚሊሜትር ወርዷል ማለት ነው፤ ይህም በቨርጂኒያ የሚፈቀደው የመጨረሻው ልክ ነው። በኋለኞቹ ሁለት ጎማዎች ላይ የሊንከን ጠጉር በሙሉ ታየ።

ልጁ ግን አልተቀበለኝም። «ጋሼ፥ ይህ ጥገና ነው፤ እኔ የምነግርዎ ስለ ማሻሻል ነው። መኪናው የተሠራው ለፍጥነት ነው። ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቤት ኪራይና ለትምህርት ስከፍል፥ ለራሴ ብዬ ያደረግሁት ነገር ይህ ብቻ ነው» አለኝ። የመጨረሻው ቃሉ ልቤን ነካው። ሆኖም፥ «ለጎማና ለቺንጋ ከሆነ ዛሬውኑ አበድርሃለሁ፤ ለቱርቦ ግን አላበድርህም» አልሁት። ወረቀቱን በጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ሄደ። ሦስት ሳምንት አልመጣም፤ ስልክም አልደወለም። እኅቴም፥ «ወንድሜ፥ አባት በሌለው ልጅ ላይ እንዲህ ትጨክናለህ?» ብላ ወቀሰችኝ።

እኔን ያጸናኝ እርሷው ነበረች። ልጁ ከሌሊት ሥራው ሲመለስ፥ ገና ሳይነጋ እናቱን ተቀብሎ በ395 አውራ ጎዳና ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሥራ ቦታዋ ያደርሳታል። በዚያ መንገድ በዝናብ ቀን፥ በዚያ ጎማና ዕድሜው ባልታወቀ ቺንጋ ላይ ተቀምጣ የምትሄደው እኅቴ ናት። ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ መኪናው የሚሸከመው የግስጋሴ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለመቆም የሚያስፈልገውም መንገድ እንዲሁ ወደ አራት እጥፍ ይረዝማል። ይህን ሕግ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርሁ ሰው፥ ለእኅቴ ልጅ ስል ልሽረው አልችልም።

የተወውንም ወረቀት እንደ ተማሪ ደብተር አርሜ ላክሁለት። በሚያፏጨው ቫልቭ አጠገብ፥ «ሞተሩ የገባውን አየር አስቀድሞ በመለኪያ ቈጥሮታል፤ አንተ ወደ ውጭ ስትለቀው ለሌለ አየር ቤንዚን ይረጫል። የምትገዛው ድምፅ ብቻ ነው» ብዬ ጻፍሁ። በአየር ማስገቢያው አጠገብ፥ «መለኪያው የተቀመጠው በዚህ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ቅርጹ ሲለወጥ ኮምፒውተሩ ይሳሳታል፤ ቤንዚኑ ከአየሩ አንሶ ሞተሩ ሊጎዳ ይችላል» አልሁ። ስለ ጢስ ማውጫው፥ «ጉልበት መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጢስ ማጣሪያውን ማውጣት የአሜሪካ ሕግ ይከለክላል፤ በሰሜን ቨርጂኒያም በየሁለት ዓመቱ የጢስ ምርመራ አለ» አልሁ። ስለ ትልቁ ቱርቦ ደግሞ፥ «ትልቅ ቱርቦ ብቻውን አይመጣም፤ ተጨማሪ ቤንዚን የሚረጭ ዕቃ፥ የኮምፒውተር ማስተካከያና ጠንካራ ፍሪሲዮን ይጠይቅሃል። ከዚያም ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው በአምስት ማርሹ ካምቢዮ ላይ ነው፤ የዚህ መኪና ካምቢዮ ደግሞ ጉልበት ሲበዛበት በመሰበር የታወቀ ነው። በወረቀትህ ላይ የጻፍኸው ዋጋ የመጀመሪያው ዋጋ ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም» ብዬ ጨረስሁ።

በአራተኛው ሳምንት ልጁ መጣ። ወረቀቱን ካነበበ በኋላ መኪናውን ወደ አንድ መካኒክ ወስዶ ክዳኑን አስከፍቶ ነበር። አሮጌውን ቺንጋ በጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። በጣቴ ባጠፍሁት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መሰነጣጠቁ ታየ። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ቀጥሎ የትኛውን ላድርግ?» አለኝ።

አብረን ያወጣነው ገንዘብ ይህ ነው። ለቺንጋውና አብሮ ለሚለወጠው የውሃ ፓምፕ 850 ዶላር፤ ለአራት ጎማ 640፤ ለፍሬን ሸራና ለፍሬን ዘይት 330፤ ለሞተር ዘይትና ለካንዴላ 180። ጎማዎቹን አራቱንም በአንድ ጊዜ የለወጥነው፥ ይህ መኪና በአራቱም እግሩ የሚጎተት ስለ ሆነ፥ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን በመካከል ያለው ጥርስ ስለሚጎዳ ነው። ድምሩ 2,000 ዶላር ሆነ። 500 ዶላር ተረፈው፤ ብድርም አላስፈለገውም።

ከተረፈውም ላይ ጥቂቱን ነጂውን ለማሻሻል አዋለው። በአሜሪካ በ1944 የተመሠረተ የስፖርት መኪና ማኅበር አለ። ይህ ማኅበር በሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ የጎማ ሾጣጣዎችን ደርድሮ፥ መኪናዎችን አንድ በአንድ እያስነዳ በሰዓት ይለካል። የእኅቴ ልጅ እሑድ ቀን ሄዶ ሞከረ። በዚያን ቀን ሽበት ያላት አንዲት ሴት፥ ቱርቦ በሌላት ትንሽ ማዝዳ ሚያታ ከእርሱ አራት ሰከንድ ቀድማ ጨረሰች። ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። «የእኔ መኪና ከእርሷ ይበልጣል፤ እርሷ ግን መቼ ፍሬን እንደምትይዝ ታውቃለች» አለኝ። አባቶቻችን፥ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ይህን ለመሰለ ነገር ነው።

ጉልበት መጨመር ከቶ አይገባም አልልም። መኪናው ጤነኛ ከሆነ፥ ነጂውም ከተማረ በኋላ፥ በመጠኑ ለሚሻ ሰው በትንሽ ወጪ ብዙ የሚገኝበት መንገድ የሞተሩን ኮምፒውተር በሚያውቅ ባለሙያ ማስተካከል ነው፤ እርሱም በመለኪያ ላይ፥ በጥሩ ቤንዚን፥ ሞተሩ እንዳይንኳኳ እየተጠበቀ ሲሠራ ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች ራሳቸው ከ1989 እስከ 2004 ድረስ ለአገራቸው ገበያ የሚሠሩት መኪና ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው ብለው ላለማስታወቅ ተስማምተው ኖረዋል። እርግጥ በወረቀት ከተጻፈው በላይ ጉልበት የነበራቸው አልጠፉም። ሆኖም በዚያ ዘመን ከተሠሩት መካከል እንደ ኒሳን ስካይላይን ጂቲ አር ያሉት እስከ ዛሬ የሚመሰገኑት በጉልበታቸው ብቻ ሳይሆን፥ ጉልበታቸውን ለአራቱ ጎማዎች በሚያከፋፍሉበት ጥበብ ጭምር ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አንተ መኪና ላይኖርህ ይችላል፤ ጥቂት ገንዘብና ብዙ ምኞት ግን ሳይኖርህ አይቀርም። ሱቅ ብትከፍት ከማስታወቂያ ሰሌዳው በፊት የሒሳብ መዝገቡን፥ ቤት ብትሠራ ከቀለሙ በፊት መሠረቱን፥ ትዳር ብትይዝ ከድግሱ በፊት የዓመቱን ቀለብ አስብ። የምትገዛቸውን ነገሮች ጻፍና በያንዳንዱ አጠገብ፥ «ይህ የሚያስኬደኝ ነው? ወይስ የሚያቆመኝ? ወይስ ለሰው ጆሮ የሚሰማ ነው?» ብለህ ጠይቅ። የሚያቆምህን አስቀድም፤ የሚያስኬድህን አስከትል፤ ለጆሮ የሚሆነውን ገንዘብ ሲተርፍህ ትመለስበታለህ። ከአንተ ጋር የሚሳፈሩ ሰዎች እንዳሉም አትርሳ።