አንድ ስም፣ ሁለት ጥንብ አንሳ

ሐዋሳ የመጣ እንግዳ አሞራ ገደልን ሳያይ አይመለስም። ዓሣ አጥማጆቹ የሚወረውሩትን አንጀት ራሰ በራው አባ ኮዳ በረጃጅም እግሮቹ እየተንገዳገደ ሲሻማ አይቶ «አሞራ» ብሎ ይሄዳል። አባ ኮዳ ግን የሽመላ ወገን ነው። እኔ የምፈልገው ከፍ ብሎ፣ ክንፉን ሳያርገበግብ የሚዞረውን ነው።

ጥንብ አንሳ እንላለን። በዚህ አንድ ስም ሥር ከሚኖሩት መካከል ሁለቱ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። አንደኛው ነጭ ጀርባው ነው፤ ምንቃሩ ጥቁር፣ ሲበር ከጅራቱ በላይ ነጭ የሚታይበት። ሁለተኛው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን በጎበኘው ጀርመናዊ ተመራማሪ በሩፔል ስም የሚጠራው ነው፤ ምንቃሩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ የላባው ጠርዝ ነጣ ስለሚል የዓሣ ቅርፊት የለበሰ ይመስላል። ወጣቶቻቸው ግን ባለሙያንም ያደናግራሉ።

የምር የሚለያዩት በጎጆ አሠራር ነው። ነጭ ጀርባው ዛፍ ላይ፣ የሩፔሉ ገደል ላይ ተጎራብቶ ይሠራል። ሁለቱም በአንድ ወቅት የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። በከፍታ የሩፔሉን የሚያህል አልተመዘገበም፤ በ1973 እ.ኤ.አ. አቢጃን ሰማይ ላይ፣ በ37,000 ጫማ ከፍታ፣ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። እዚያ ድረስ የሚወጣ ወፍ ምድር ላይ በመርዝ ማለቁ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጅብና ውሻ ለመግደል በድን ላይ መርዝ ይነሰነሳል። ጥንብ አንሳ ደግሞ ብቻውን አይበላም፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይከተለዋል፤ አንድ በድን መንጋውን ይጨርሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዘገቡ። በሕንድ ዘመዶቻቸውን በሚሊዮን የፈጀው ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበር። በድኑን የሚያነሣ ሲጠፋ ውሻ በዛ። የእብድ ውሻ ነገር ለምናውቅ ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በቅርቡ ከከተማው ወጣ ብዬ፣ መንገድ ዳር በወደቀች አህያ ላይ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ሰባቱ ነጭ ጀርባ፣ ሁለቱ የሩፔል፤ የቀሩትን ሁለት ወጣቶች መለየት አልቻልኩም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ጠርቼ አህያዋን ምን እንደገደላት ጠየቅሁት።

«መኪና ነው ጋሼ፣ ማታ ገጭቷት።»

«መርዝ አይደለም?»

«ኧረ መኪና ነው!»

እፎይ ብዬ እስኪጠግቡ ቆሜ አየኋቸው።