ከጨው ጋር ይመጣ የነበረ ወሬ

የሰቆጣ ገበያ ድሮ ስሙ የገነነው በአሞሌ ነው። ጨው ከአፋር ምድር፣ ከአሳሌ ሜዳ ተቆርጦ፣ በግመል ተጭኖ፣ በመቀሌ በኩል ደጋውን ወጥቶ ሰቆጣ ይደርስ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ የአሞሌ መገበያያነት አብቅቷል፤ ጨው ነጋዴዎቹ ግን ገና አልጠፉም። አያቴ ቤት ሲያድሩ ጠላ ይቀርብላቸውና «ቆላው እንዴት ከረመ?» ተብለው ይጠየቃሉ። የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያሰጋ ያወጋሉ። ከዚያ የእሳተ ገሞራው የኤርታ አሌ ነገር ይነሳል። «አባቴ፣ ዘንድሮ ሌሊት ሌሊት ሰማዩ ቀልቶ ነው የከረመ» ይላሉ። እኛ ልጆች ምድጃ ዳር ተኮልኩለን እንሰማለን። ስለዚያ የእሳት ምድር የምናውቀው ይህንኑ ነበር፤ ወሬው ከጨዉ ጋር በእግር የሚመጣ ስለሆነ እኛ ጋ ሲደርስ ሳምንታት አልፈውታል።

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ ላይ ምድርን የሚያዳምጥ ሌላ ጆሮ እንደነበረ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የመሠረቱት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ንዝረቱን በፎቶግራፍ ወረቀት ይቀዳ ነበር። ወረቀቱ ጨለማ ክፍል ታጥቦ ሲወጣ ፈጣኑና ዘገምተኛው ሞገድ በስንት ሰከንድ ተለያይተው እንደደረሱ ይለካል፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ እንደተነሳ ይሰላል። ቦታውን በትክክል ለመለየት ሌሎች ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ፤ ያሉት ጣቢያዎች ደግሞ ጥቂት ነበሩ። ጉዋንን ይበልጥ የማከብራቸው ግን በሌላ ሥራቸው ነው። መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የሆነውን ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ ለቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ውስጥ አኖሩት።

ከዚያ 1998 ዓ.ም. መጣ። መስከረም 4 ቀን የአፋር ምድር መናወጥ ጀመረ። መስከረም 16፣ ሰዉ ደመራ ሊለኩስ ሲዘጋጅ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ በዳባሁ ተራራ ጥግ ዳዑሬ ላይ መሬት ተሰንጥቆ ጥቁር ጭስ ወደ ሰማይ ወጣ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ጨለማ እንደሆነባቸው ተናገሩ። ዳባሁ ከሰቆጣ ቀጥ ብሎ በምሥራቅ ነው፤ በአየር 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። እኛ በዚያ ምሽት ደመራውን ስንዞር ምንም አላወቅንም። ጨዉ በመኪና መጓጓዝ ከጀመረ ወዲህ ቤት አድሮ የሚያወጋ ነጋዴም ቀርቷል።

የሆነውን የገለጠው ራዳር ነው። የአውሮፓው ኤንቪሳት ሳተላይት ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ የወሰዳቸው ምስሎች ተነጻጸሩ። ራዳር ብርሃን አይሻም፤ በሌሊትም በደመናም ሞገዱን ልኮ የተመለሰለትን ይቀበላል፤ በሁለቱ ጊዜያት የተመለሰው ሞገድ ልዩነት መሬቱ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደተነሳ ወይም እንደሰመጠ ያሳያል። አፋር ላይ ግን ልዩነቱ የሜትር ነበር። ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ገምሶታል። ዳዑሬ ላይ የታየው ፍንዳታ ከዚያ ሁሉ ያመለጠው ጥቂቱ ነው። ኤንቪሳት ወደ አንድ ቦታ የሚመለሰው በ35 ቀን ስለነበር ሰዓቱን ሊናገር አይችልም፤ ቅልጡ መቼ ተነስቶ ወዴት እንደተጓዘ የሚናገረው የንዝረቱ መዝገብ ነው። ሁለቱ የሚነበቡት አብረው ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የአፋሩ እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ የመንንና ኦማንን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰ። ራዳሩ ግን ከወራት በፊት፣ በሐምሌ ኤርታ አሌ ከፈነዳ በኋላ፣ ቅልጥ አለት በምድር ውስጥ ወደ ሃይሊ ጉቢ አቅጣጫ ሲዘልቅ አይቶ ነበር። ዜናው ሁሉ ተራራው ለ12 ሺህ ዓመት ተኝቶ እንደኖረ ሲያወራ አዘንኩ። አልተጻፈም ማለትና አልፈነዳም ማለት አንድ አይደለም። ለዚህ ምድር የራዳር መዝገብ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አያልፍም፣ የአራት ኪሎው ከ1950ዎቹ አያልፍም፤ ከዚያ በፊት ከሆነው ያልተጻፈውን የያዙት አፋሮችና ጨው ነጋዴዎች ነበሩ። አያቴ ቤት ካደሩት ሰዎች የአንዱም ወግ ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

ሰቆጣ ባለችበት በዋግ አሞሌ ጭነው የተጓዙ፣ ወጉን በኽምጣና ቋንቋ የሚያወጉ ሽማግሌዎች ዛሬም አይጠፉም። ሰማዩ የቀላው በማን ዘመን ነው? ጭሱ በየትኛው ተራራ ግራ ታየ? ስንት ሌሊት ቆየ? የትኛው ምንጭ ሞቀ? በአፋር በኩል ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያውቁ አሉ። መልሳቸው ቀኑና ቦታው ተለይቶ ቢመዘገብ፣ ከራዳሩ ምስል ጎን ተዘርግቶ ሊነበብ ይችላል።