የአንድ ሌሊት ጉርብትና በተልተሌ

በሥራ ጉዳይ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ቦረና ቆላ የሚወርዱበት ቀን ቢመጣ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ያቤሎ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ከዚያም የሞያሌን አውራ ጎዳና ትተው ወደ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ተልተሌ ይደርሳሉ። ቀዩን አቧራ ከልብስዎ ሳያራግፉ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «አልጋ ይኖራል?» የሚል ነው።

በእነዚህ የቆላ ከተሞች ብዙው አልጋ ቤት አሠራሩ ይመሳሰላል። ጠባብ ክፍሎች በግቢ ዙሪያ ተደርድረው በሮቻቸው ሁሉ ወደ ግቢው ይከፈታሉ፤ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ውሃው በበርሜል ይቀመጣል። ክፍሉን ከክፍል የሚለየው አንዳንዴ ኮምፐንሳቶ በመሆኑ የጎረቤት ሳል ከራስዎ አልጋ የወጣ ይመስላል። አልጋ ሲከራዩ ጉርብትናም አብሮ ተከራዩ ማለት ነው።

በግቢው ያገኙትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ በዚያ አገር ነውር ነው። የቦረና ሰው «ነጋ» እያለ ስለ ሰላም፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱና ስለ ሣሩ ሳይቸኩል ይጠይቃል። እኔ እንዳየሁት የሚያስቸግረው የአገሩ ሰው አይደለም፤ ከእኛው ከተማ ለሥራ የወጣው እንግዳ ነው። «ብቻሽን ነሽ? ባለቤትሽ የት ናቸው? ስንት ቁጥር ያዝሽ?» እያለ ሰላምታን ወደ ምርመራ ይለውጠዋል። ስንት ቁጥር መያዟ ለእርሱ ምን ይረባዋል?

አንድ ምሽት ያየሁትን ላጫውትዎ። ሕፃናት ለማስከተብ የመጣች አንዲት ነርስ ከእኛ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጣ ቡና ጠጣች፤ ተጫወተች፤ ሳቀች። ደክሟት ደኅና እደሩ ብላ ገባች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አብሮን የነበረ አንድ እንግዳ በሯን ማንኳኳት ጀመረ። «እኅት፣ ጨዋታው መች አለቀ! ውጪ እንጂ» ይላል። አልመለሰችለትም፤ አልጋዋን ወደ በሩ ስትገፋ ግን ሁላችንም ሰማን። በመጨረሻ አከራይቱ ነጠላቸውን ደርበው፣ ባትሪ ይዘው ወጡ። «አንተ ልጅ፣ የግቢው ጨዋታ አልቋል፤ ወደ ክፍልህ ግባ» አሉት።

ሰውየው በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ «እንደምን አደራችሁ» ሲል፣ ነርሷ ቡናዋን በሯን ዘግታ ጠጣች። በቆየችባቸው ቀሪ ቀናት በረንዳው ላይ አልታየችም። ልጆቿን አዲስ አበባ ትታ ለመጣች ሴት የምሽቱ ጨዋታ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከበረንዳ የሚርቁ ሴቶችን ኩሩ ናቸው ለሚሉ ሰዎች ይህን ብነግራቸው እወዳለሁ።

አከራይቱ የቦረና ተወላጅ ናቸው። በቦረና ባህላዊውን ቤት የምትሠራው ሴቲቱ ናት። ለክቡር እንግዳ ከነገለባው በቅቤ የተቆላ ቡና፣ ቡና ቀላ የሚሉት፣ ይቀርባል። ሲጋበዙ አይግደርደሩ፤ ቅመስ ሲባል አፍንጫውን የሚይዝ እንግዳ አይቼ እኔው አፍሬያለሁ።

የውሃው ነገር ሌላ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ የቦረና ከብት እጅግ አልቋል። በጀሪካን የመጣውን ውሃ ለፀጉር መታጠቢያ ብቻዎን ከጨረሱ፣ ጎረቤትዎ በማለዳ በርሜሉን ከፍታ ስምዎን ታነሣለች። ከልጅ ጋር የሚጓዙም የሰው መጋረጃ እየገለጠ እንዳያይ ይቆጡት። በግድግዳው የሰሙትን ደግሞ ለቁርስ ይዘውት አይውጡ።

አልጋ ሲይዙ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ እንዳለው፣ ክፍሉም ከአከራይቱ መኝታ ብዙ እንዳይርቅ አስቀድመው ይዩ፤ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ።