ኅዳር 14፣ ኅዳር 15

ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በደርግ የተገደሉት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ድንቅነሽ (ሉሲ) አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው በማግስቱ ነው። አንዲት አገር ሌሊት አጥንት ቀብራ፣ ጧት አጥንት አገኘች። ይህን ግጥምጥሞሽ ካወቅሁ ወዲህ ሁለቱን ቀኖች ነጣጥዬ ማሰብ አልሆንልህ ብሎኛል። ዛሬ ድንቅነሽ አምስት ኪሎ ሙዚየም ናት። የስድሳዎቹም አጽም ደርግ ከወደቀ በኋላ ከጅምላ ጉድጓድ ወጥቶ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ዐርፏል። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል።

አጥንት የሚያነበው ሰው በሁለቱም ዘንድ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነው። ዳሌው የወንድ ነው የሴት? የጭኑ ርዝመት ስለ ቁመቱ ምን ይላል? ከትከሻ ወደ ደረት የሚዘረጋው አጥንት ጫፉ ገጥሟል? እሱ ሳይገጥም እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ ስለሚቆይ የወጣት አጽም ይለይበታል። ድንቅነሽ ልጅ አለመሆኗም የታወቀው የመጨረሻው መንጋጋዋ በቅሎ በመገኘቱ ነው። እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ ግን ተሰብሮ የዳነ አጥንት ነው። አጽሙ የዛሬ ዘመን ሰው ከሆነ፣ ያሸው ወጌሻ፣ ውሃ ያቀበለው ልጅ፣ እስኪድን ሥራውን የሠራለት ጎረቤት ነበረ ማለት ነው። ሞት በአጥንት ላይ የሚተወው አንድ ቀዳዳ ወይም አንድ ስንጥቅ ነው፤ አንዳንዴም ምንም አይተውም። የቀረው ሁሉ የኑሮ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ አርጀንቲናውያን የአጽም ባለሙያዎች መጥተው፣ ደርግ በቀይ ሽብር የገደላቸው ወጣቶች የተቀበሩባቸውን ጉድጓዶች ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር ቆፍረዋል። ኮተቤ ላይ ከአጽሞቹ አንገት የናይለን ገመድ ተገኘ። ናይለን አይበሰብስምና ሥጋው ካለቀ በኋላም እንደታሰረ ቆይቷል። በዚያ ዘመን ልጁ የተገደለበት ወላጅ ማልቀስ ተከልክሎ ነበር። እርሙን ያላወጣ ቤት ብዙ ነው።

ድንቅነሽን እናቷ ስም አላወጣችላትም፤ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ስም አገኘች። እነዚያ ወጣቶች ግን እናት ያወጣችላቸው፣ ጓደኛ በቁልምጫ የሚጠራው ስም ነበራቸው፤ ዛሬ ያለ ስም የተቀመጠ አጥንት አላቸው። ይህ ያንገበግበኛል። በሰው ዘር መገኛነታችን የምንኮራ ከሆነ፣ ለትናንት ልጆቻችን አጥንት ቢያንስ ለድንቅነሽ የተሰጠውን ያህል ትጋት ልንሰጥ ይገባናል።

የኮተቤን ጉድጓድ የቆፈሩት አርጀንቲናውያን ሙያውን የተማሩት በገዛ ሐዘናቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1983 የገዛቸው ወታደራዊ መንግሥት ሺዎችን ሰውሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካዊው የአጽም ባለሙያ ክላይድ ስኖው ቦነስ አይረስ ሄዶ ተማሪዎችን አሠለጠነ፤ ቡድናቸው ከዚያ ተወለደ። የዚያች አገር አያቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ፦ ሴት ልጆቻችን እስር ቤት የወለዷቸው፣ ለሌላ ቤተሰብ የተሰጡት ሕፃናት የት አሉ? እናትና አባት በሌሉበት በአያት ደም ዝምድናን መለየት የተቻለው እነሱ ስለጠየቁ ነው። እስካሁን ከ130 በላይ የሚሆኑ የልጅ ልጆች ተለይተዋል፤ ብዙዎቹ የተወለዱበትን ቤተሰብ ያወቁት ጎልማሳ ሆነው ነው።

ለእኛም አጥንት መለያው ያው የዘመድ ደም ወይም ምራቅ ነው። የቀይ ሽብር ሟቾች እናቶች ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ያሉትም እጅግ አርጅተዋል። ከእነሱ ናሙና ወስዶ ማስቀመጥ ጉድጓዱ ሁሉ እስኪገኝ መጠበቅን አይጠይቅም።