የጓደኛዬ መጽሐፍ ዊኪፒዲያ ላይ ይግባ?

ሟች ጓደኛዬ በጡረታ ገንዘቧ ያሳተመችው መጽሐፍ አለ፤ በገጠር ጤና ጣቢያ ያሳለፈችውን የአዋላጅነት ዘመን ትተርክበታለች። መንታ ልጆችን በፋኖስ ብርሃን ያዋለደችበትን ክፍል ያለ እንባ አላልፈውም። ልጇ መጽሐፉ ዊኪፒዲያ ላይ የራሱ ገጽ እንዲኖረው ፈለገች። ሥራው ለልጅ ልጄ ተሰጠ፤ መቼም እነሱ ስልክ ላይ የማይችሉት የለም።

ልጁ ደንቡን አነበበልኝ። መጽሐፉ ጥሩ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ከደራሲውም ከአሳታሚውም ጋር ንክኪ የሌላቸው ሰዎች በታተመ ጽሑፍ፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ በሰፊው አንስተውታል ወይ ይላል። ትልቅ ሽልማት ማግኘትም ይቆጠራል። የጀርባ ሽፋን ሙገሳ ግን አይቆጠርም። «ፍቅር እስከ መቃብር» እዚህ ላይ ምን ቸገረው? ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ስንቱ ጽፎበታል፤ ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ ተርኮታል።

ደንቡ ጨካኝ ይመስላል፤ እኔን ግን አልከበደኝም። በእኛ ሙያ «ትኩሳት አለብኝ» ላለ ሁሉ ካርዱ ላይ 39 አይጻፍለትም፤ መጀመሪያ ቴርሞሜትር ይደረጋል። ስለ ጓደኛዬ መጽሐፍ እስካሁን የጻፈ የለም። እኔ ልጻፍ እንዳልል ወዳጇ ነኝ።

ለልጇ «ለጊዜው አይሆንም» ያልኳት እኔው ነኝ። «እትዬ፣ እርስዎም?» አለችኝ፤ ከፍቷት ሰነበተች። በኋላ አንድ ቅጂ ለወመዘክር፣ ሁለት ደግሞ አዋላጆችን ለሚያስተምሩ መምህራን አብረን ሰጠን። አንዷ መምህርት አንብባ ልትጽፍበት አስባለች። ምን ብላ እንደምትጽፍ አልጠየቅናትም።