ነዳጅ ቀጂዋን ከመክሰስ በፊት

መኪና ያላት ሴት ሁሉ ኑሮ የተደላደለላት ተደርጋ ትታያለች። ነገሩ ግን እንደሚታሰበው አይደለም። ብዙዎቻችን የምንነዳው ከእኛ በፊት ሁለትና ሦስት ባለቤት የለወጠ አሮጌ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለውን እያስታመሙ መቆየት ግድ ሆኗል። ልጅ ትምህርት ቤት የሚደርሰው፣ አስቤዛ የሚገባው፣ በሽተኛ ሐኪም ዘንድ የሚቀርበው በዚያው መኪና ነው። ስለዚህ የመኪናው ሕመም የቤተሰቡም ሕመም ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የማወጋችሁ በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነገር ነው። ሳወራው የሚያሳፍረኝ ቢሆንም ለሌላው ትምህርት ይሆናል በማለት አልደብቀውም።

ጊዜው 2017 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነበር። እናቴ ዓይኗን ለመታየት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ነበራት። ቀጠሮውን ያገኘነው ከሁለት ወር ጥበቃ በኋላ ስለሆነ እንዳያልፍብን ሁለታችንም ሰግተናል። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሯል። የነዳጁ መለኪያ ቀዩ መሥመር ላይ ከደረሰ ሁለት ቀን ሆኖታል። ደመወዝ እስኪደርስ ድረስ ትንሽ ትንሽ እየቀዱ መንዳት የለመድነው ነገር ነውና አላስደነገጠኝም። በአንድ ነዳጅ ማደያ አርባ ደቂቃ ያህል ተሰልፌ 20 ሊትር ቤንዚን አስቀዳሁ፤ ሂሳቡን በስልኬ ከፍዬ ጉዞ ቀጠልኩ።

ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድኩ፣ ወደ ስድስት ኪሎ የሚያወጣውን ዳገት ስጀምር ሞተሩ ተንተፋተፈ። ቤንዚን ስሰጠው ያንገራግራል፤ እግሬን ሳነሣ ሊጠፋ ይደርሳል። የሞተር ምልክቱ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ከኋላዬ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል። በመጨረሻ ሞተሩ ጨርሶ ጠፋና መንገደኞች ገፍተው ዳር አስያዙልኝ። እናቴ፣ «ልጄ፣ ተረጋጊ፤ ቀጠሮው ቢያልፍ ሌላ ይሰጡናል» አለችኝ። እኔ ግን የምረጋጋ አልነበርኩም። እናቴን መኪናው ውስጥ ትቼ በእግሬ ወደ ማደያው ተመለስኩ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለእኔ ነው። የቀዳችልኝ ልጅ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «ውሃ ቀድተሽ ሸጥሽልኝ!» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቱ ደንግጣ፣ «እትዬ፣ እኔ የምቀዳው ከታች ከጉድጓዱ የሚመጣውን ነው። ከእርስዎ በፊትም ከእርስዎ በኋላም ብዙ መኪና ቀድቻለሁ፤ የተመለሰ የለም» አለችኝ። ይህች የመጨረሻዋ አነጋገሯ ለጉዳዩ መፍቻ ቁልፍ እንደነበረች የገባኝ ዘግይቶ ነው። በዚያች ሰዓት በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናዬ ከመቅዳቴ በፊት ደኅና ነበር፤ ከቀዳሁ በኋላ ታመመ፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ነዳጁ ነው። ተቆጣጣሪው ጩኸቴን ሰምቶ መጣና ነገሩ እስኪጣራ ልጅቱን ከሥራዋ አነሣት። እኔም ድል እንዳደረገ ሰው ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

የእናቴ ቀጠሮ አለፈ። መኪናውም በገመድ ተጎትቶ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል በዚሁ ሙያ ወደኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋራዥ ገባ።

ጋሼ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ሐኪም በሽተኛውን እንደሚጠይቅ ጠየቁኝ። «ከቀዳሽ ከስንት ደቂቃ በኋላ ጀመረው? ከመቅዳትሽ በፊት ምን ያህል ነዳጅ ነበረው? የጭሱ መልክና ሽታ ተለውጧል? አብረውሽ የቀዱት መኪኖችስ ምን ሆኑ?» ሦስቱን መለስኩላቸው። አራተኛውን ግን አላውቅም፤ ለማወቅም አልሞከርኩም።

ከዚያ ከነዳጁ ጋን ሥር ጥቂት ቀድተው በንጹሕ ጠርሙስ አድርገው ከእሳት ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀመጡት። «አሁን ዝም ብለን እንጠብቅ» አሉኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ቤንዚኑ፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ፣ በመካከላቸውም በክር የተሰመረ የመሰለ ድንበር ታየ። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ሁልጊዜ ወደ ታች ይዘቅጣል። እኔም «አላልኩም!» ብዬ ተነሣሁ።

ጋሼ ግን አልጨረሱም። የነዳጁን መቅጃ መዝጊያ ከፍተው «ነይ እዪ» አሉኝ። በክዳኑ ዙሪያ ባለው ጎድጓዳ ቦታ የሌሊቱ ዝናብ ውሃ ተጠራቅሟል። ውሃው የሚወርድበት ትንሽ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል፤ ቀጭን ሽቦ ሲያስገቡበት ጭቃው ወጣና ውሃው ኮለል ብሎ ወረደ። የክዳኑም ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እንግዲህ ከሰኔ ጀምሮ በዘነበ ቁጥር ወደ ጋኑ ጠብ ጠብ ሲል የከረመው ውሃ የራሴ መኪና ውሃ ነው። ውሃው ከጋኑ ሥር ተኝቶ ሳለ ችግር አላሳየም። 20 ሊትር ነዳጅ ከላይ ሲወርድበት ግን ተበጠበጠና ፓምፑ ይዞት ወደ ሞተሩ ገባ። ውሃ ደግሞ አይነድም። ሞተሩ የተንተፋተፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ለማረጋገጥ ሲባል ከዚያው ማደያ፣ ከዚያው ፓምፕ ናሙና ተቀድቶ በሌላ ጠርሙስ ታየ፤ አንዲት ጠብታ ውሃ አልተገኘበትም። ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረውን በሰፈራችን ተራ የሚቆም የታክሲ ነጂም ፈልጌ ጠየቅሁት። «እኔማ ቀኑን ሙሉ ስሠራ ዋልኩ» አለኝ። ጋኑ ተራግፎ ደረቀ፣ ፊልትሮው ተለወጠ፣ ክዳኑ በአዲስ ተተካ፤ መኪናውም ዳነ። የልጅቱ ነገር ግን ቀረ።

ወደዚያ ከማለፌ በፊት ከጋሼ የተማርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

መኪናችሁ ከማደያው እንደወጣ ወዲያው ማንገራገር ከጀመረ በነዳጁ ውስጥ ውሃ ወይም ቆሻሻ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ነገር ግን ውሃው ከማደያው ይሁን ከራሳችሁ ጋን ገና አልታወቀም። በቤንዚን መኪና ናፍጣ ተቀድቶ እንደሆነ ጭሱ ይበዛል፣ የናፍጣ ሽታ ይሸታል፣ ሞተሩም ውሎ አድሮ ይጠፋል። ስሕተቱን እዚያው ማደያው ላይ ካወቃችሁ ሞተሩን ጨርሶ አታስነሡ፤ ተገፍቶ ዳር ይያዝና ነዳጁ ይራገፍ። መኪናው እንደቀዳችሁ ለመነሣት አስቸግሮ፣ ከተነሣም በኋላ ጥቂት ተንተፋትፎ የሚስተካከል ከሆነና ይህም በቀዳችሁ ቁጥር የሚደጋገም ከሆነ፣ በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ የነዳጁን ትነት ወደ ሞተሩ የሚያስተላልፈው ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መቅጃው ጠቅ ብሎ ካቆመ በኋላ «ትንሽ ጨምሪልኝ» ማለትም ይህንኑ ክፍል ይጎዳል። ሕመሙ በዳገትና በፍጥነት ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ ይታይ። ከቀዳችሁ ከብዙ ቀን በኋላ የጀመረ ከሆነ ግን ነዳጁን ትታችሁ ካንዴላውን፣ ቦቢናውንና የአየር ማጣሪያውን አስፈትሹ። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መንዳቱን አቁሙ።

ጋኑን እስከ መጨረሻው ማድረቅም ደግ አይደለም። ባዶው ቦታ በአየር ይሞላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጤዛ ይሆናል፤ ሥር የተኛው ዝቃጭም ወደ ፓምፑ ይቀርባል። ቢቻል ሩብ ያህል ሲቀር መቅዳት ይሻላል።

ለእናቶች በተለይ የማሳስበው አለ። ነዳጅ ይጠፋል በሚል ሥጋት ቤንዚን በጀሪካን ከከሰል ምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ትነቱ ከሩቅ እሳት ይስባል። በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብም አደገኛ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባ ቤንዚን ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ልጆች በተቀመጡበት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቀድቶ መተውም እንዲሁ።

ጥፋቱ የማደያው የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልም። በክረምት ውሃ ወደ ማደያው የመሬት ውስጥ ጋን ሊሰርግ ይችላል። እንዲህ ሲሆን መብታችሁን ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን ስለተደረገ የከፈላችሁበት መልእክት ቀኑንና ሰዓቱን ይመሰክራል። ከመኪናችሁ የተቀዳውን ናሙና በጠርሙስ ያዙ፤ አብረዋችሁ የቀዱትን ጠይቁ፤ ከዚያም ወደ ኃላፊው ሄዳችሁ የጋኑ ወለል ይለካ በሉ። ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ቅባት በመለኪያው ዘንግ ላይ ተቀብቶ ወደ ጋኑ ሲገባ ውሃ መኖር አለመኖሩ ወዲያው ይታወቃል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጩኸት አያስፈልግም።

እኔ ከጮኽኩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ጠርሙሶች ይዤ ወደ ማደያው ሄድኩ። ተቆጣጣሪው ሁሉን ሰምቶ ልጅቱን አስጠራት። የሁለት ቀን ደመወዟ ተቆርጦባት ስለነበር ያንኑ ያህል ገንዘብ አውጥቼ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም። «እትዬ፣ ገንዘቡ ይቅር። ያን ዕለት የሰደቡኝ ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር፤ አሁንም ሰው እየሰማ ይንገሩልኝ» አለችኝ። ዕንባዋ በዓይኗ ሞልቶ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት አሳዳጊ አያቷን የምትጦረው በዚህች ደመወዝ ነው።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ፊቴ እንደ ፍም እየነደደ፣ ጥፋቱ የራሴ መኪና እንደነበረና ልጅቱን ያለ ጥፋቷ እንደ ከሰስኳት ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሣቀ፣ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ተቆጣጣሪው የተቆረጠው ደመወዝ እንደሚመለስላት በፊታችን ተናገረ። እሷም ምንም ሳትል ጓንቷን አጥልቃ ወደ ፓምፑ ተመለሰች።

እናቴ ለዓይኗ ሌላ ቀጠሮ የተሰጣት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነበር። ስንሄድ በዚያው ማደያ ጎራ ብለን ቀዳን። ልጅቱ ክዳኑን ከመክፈቷ በፊት ጎንበስ ብላ ዙሪያውን በጨርቅ ጠረገች። «አሁን ደረቅ ነው፤ ይመልከቱ» አለችኝ። ወርጄ ተመለከትኩ።